ስድስት ፓነል፣ ሁለት ሺህ እንቁላል

ጥር 14 ቀን 2017፣ አዳማ

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። በግቢያቸው ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ሁለት የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን አስቀምጠው ጫጩት ይሸጣሉ። እያንዳንዱ ማሽን 1,056 እንቁላል ይይዛል። እንቁላሉ ከቢሾፍቱ በሚኒባስ ይመጣል፤ በ21ኛው ቀን ጫጩት ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን በማሽኑ ውስጥ ያለው ሙቀት ከ37.5 ዲግሪ ገደማ ንቅንቅ ማለት የለበትም።

ኅዳር ላይ አንድ ምሽት መብራት ጠፋ፤ ሲነጋም አልመጣም። ጄኔሬተር ነበር፣ ቤንዚን ግን አልነበረም። 16 ቀን የሞላው የአንዱ ማሽን እንቁላል እንዳለ ተበላሸ። እትዬ ጉድጓድ አስቆፍረው ሲያስቀብሩት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። «ልጄ፣ አንተ የመብራት ሰው ነህ። እንዲህ ያለውን ቀን ሁለተኛ አታሳየኝ» አሉኝ።

የእኔ ሙያ የተቃጠለ ሞተር መጠቅለል ነው። ሶላር የገጠምኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን እነሱም ለአምፖልና ለስልክ የሚሆኑ ትንንሾች ናቸው። ስለዚህ ይህኛውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በደብተር ልይዘው ወሰንኩ።

ጥር 18

ሦስት ቀን ሙሉ ቆጣሪ ገጥሜ የማሽኖቹን ፍጆታ ስከታተል ቆየሁ። ጀርባቸው ላይ ያለው ጽሑፍ እያንዳንዳቸው 700 ዋት እንደሚወስዱ ይናገራል። በዚያ ካሰላሁት ሁለቱ በቀን ከ33 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሊፈጁ ነው፤ እትዬም ቤታቸውን መሸጥ ሊኖርባቸው ነው። ቆጣሪው ያሳየው ግን ለሁለቱም በቀን 8 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ማሞቂያው የሚፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ ይጠፋል፣ ትንሽ ሲበርድ ይበራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚውለው። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ፅንሱ ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ማሞቂያው ይበልጥ ያርፋል። እትዬ ይህን ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር፦ «ወደ መፈልፈሉ ሲቃረብ ራሳቸው ይሞቃሉ እኮ።»

የክትባት ማስቀመጫዋ ትንሽ ማቀዝቀዣና አምፖሎቹ ሲጨመሩ ድምሩ 9.3 ኪሎዋት ሰዓት መጣ። ከዚህ ውስጥ 5.2 የሚሆነው በሌሊት ነው የሚፈጀው። ሌሊቱ ይበርዳላ።

ባትሪውን ለሌሊቱ፣ ፓነሉን ለክረምቱ ማስላት አለብኝ። በጥር ፀሐይ የሚያሰላ ሰው ሐምሌ ላይ ያለቅሳል። በክረምት በቀን የአራት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብቻ ላገኝ ብል፣ በሙቀት፣ በአቧራና በገመድ የሚባክነውንም ሩብ ብቀንስ፣ 3.1 ኪሎዋት ፓነል ያስፈልገኛል።

ጥር 25

ጣሪያውን ለካሁት። ወደ ደቡብ የሚያየው የቆርቆሮው ገጽ ሰፊ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ በኩል የውሃ ታንከሩ፣ በሌላ በኩል የጎረቤት ዛፍ አለ። በንጹሕ የሚተርፈው ስፋት 3.7 ሜትር በ4.8 ሜትር ነው፤ 18 ካሬ ሜትር እንኳን አይሞላም።

እስከዛሬ «ከፍተኛ ብቃት ያለው ፓነል» ሲሉኝ የነጋዴ ወሬ ይመስለኝ ነበር። ሜዳ ላለው ሰው እውነትም ወሬ ነው፤ ብቃቱ ዝቅ ያለውን በርካሽ ገዝቶ ብዙ መደርደር ይችላል። ለእኛ ግን ቦታው ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። ያረጀውን ዓይነት 330 ዋት ፓነል እዚህ ጣሪያ ላይ ስደረድረው ስድስት ይገባል፤ ድምሩ 1,980 ዋት ነው። አዲሱ 580 ዋት ርዝመቱ 2.278 ሜትር፣ ወርዱ 1.134 ሜትር ነው። እሱም ስድስት ይገባል፣ ሦስት ሦስት በሁለት ረድፍ፤ ድምሩ ግን 3,480 ዋት። እውነቱን ለመናገር የልዩነቱ አንድ ክፍል አዲሱ መጠኑ ለዚህ ጣሪያ ልክ ስለሆነ የመጣ ነው። በካሬ ሜትር ብናየው አሮጌው 170 ዋት ገደማ፣ አዲሱ 224 ዋት ይሰጣል።

ወደ ሱቆቹ ወረድኩ። ስማቸውን የማልጠቅሳቸው አንድ ነጋዴ «550 ዋት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ፓነል አወጡልኝ፤ ዋጋው ከሌላው ሁሉ የረከሰ። አንስቼ ስይዘው ቀለለኝ። ሜትር አውጥቼ ለካሁት፦ 1.72 ሜትር በ1 ሜትር።

ሂሳቡ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ፓነል የሚመዘነው አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ብርሃን በሚያርፍበት ሁኔታ ነው። በ1.72 ካሬ ሜትር ላይ 1,720 ዋት ያርፋል። ከዚያ 550 ዋት ከወጣ ብቃቱ 32 በመቶ ሊሆን ነው። ፓነሉ የተሠራበት ሲሊከን ብቻውን ይህን መስጠት አይችልም። ሾክሌይና ክዋይሰር የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳዩት፣ ጉልበቱ አነስተኛ የሆነው ብርሃን ሴሉን፣ ማለትም ብርሃንን ኤሌክትሪክ የሚያደርገውን የፓነሉን ክፍል፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ጉልበቱ የበዛው ደግሞ ትርፉን በሙቀት ያባክናል። ለሲሊከን የመጨረሻው ገደብ 29.4 በመቶ አካባቢ ነው። ሲሊከን ላይ ፔሮቭስካይት የሚባል ሌላ ማዕድን ተደርቦ እ.ኤ.አ. በ2024 ላቦራቶሪ ውስጥ 34.6 በመቶ የደረሰ ሴል አለ፤ እሱ ግን የጥፍር ያህል ነው፣ አዳማ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተደግፎ አይገኝም።

«ይህ ፓነል ከዓለም ሳይንቲስቶች ሁሉ ቀድሟል» አልኳቸው።

«ምርጥ ዕቃ ነው፣ ጌታዬ» አሉኝ ሳይደነግጡ።

ለሚገዛ ሁሉ የምለው፦ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ርዝመትን በወርድ አባዙ፣ ዋቱን ለዚያ አካፍሉ። በካሬ ሜትር ከ240 ዋት በላይ ከመጣ ወረቀቱን ሳይሆን ነጋዴውን ጠርጥሩ።

ጥር 27

ቶፕኮን የሚባለውን ዓይነት ገዛን፤ ስድስት ፓነል፣ ባለ 144 ግማሽ ሴል። ከእሱ በፊት ከነበረው ዓይነት ከፐርክ ይልቅ ይህን ለምን እንደመረጥኩ እትዬ ስለጠየቁኝ በእንስራ አስረዳኋቸው።

ፀሐይ ውሃ ትቀዳለች፣ ሴሉ እንስራ ነው፣ እኛ የምንጠጣው ሳያፈስ የደረሰውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ቤል ላቦራቶሪ ለሥራ የሚሆነውን የመጀመሪያውን የሲሊከን ሴል ሲሠራ ከመቶው ስድስት ያህሉ ብቻ ነበር የሚደርሰው። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ አብዛኛው የመለሰን ታሪክ ነው። ፐርክ የእንስራውን ጀርባ ለሰነ፤ ነገር ግን ብረቱ ሲሊከኑን እንዲነካ ትንንሽ ቀዳዳዎች ተወ፤ በእነሱ በኩል ይንጠባጠባል። ቶፕኮን ብረቱና ሲሊከኑ መካከል ከአንድ እስከ ሁለት ናኖሜትር የምትሆን የኦክሳይድ ልባስ አስገባ። ኤሌክትሮኑ ያቺን ልባስ ሾልኮ ያልፋል፤ ጠፍቶ የሚቀርበት ቀዳዳ ግን የለም።

«ስለዚህ የአሁኑ አያፈስም?» አሉ።

«ያፈሳል፣ እትዬ። ከመቶው 22 ተኩል ይደርሳል።»

«ሰባ ሰባቱን አፍስሶ ነው እንዲህ የሚወደደው?» መልስ አላገኘሁም።

እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ሴሉ ከ25 ዲግሪ በላይ በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር የእኛው ከኃይሉ 0.29 በመቶ ያጣል፤ ፐርክ 0.35 በመቶ ገደማ። አዳማ ቆርቆሮ ላይ ሴሉ 60 ዲግሪ ሲደርስ ቶፕኮኑ 10 በመቶ፣ ፐርኩ ከ12 በመቶ በላይ ይቀንሳል ማለት ነው። 580 ዋት የሚለው ጽሑፍ የተጻፈው 25 ዲግሪ ለሆነ ሴል ነው፤ እኛ አገር ቀትር ላይ እንዲህ ያለ ሴል የለም።

የካቲት 2

የብረት ሥራ ቀን። በያጁ ቱቦላሬውን ቆርጦ በየደ፤ ረዳቴ ጸረ ዝገት ቀባ። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆነች የታኅሣሥ ፀሐይ በቀትር ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ታዘነብላለች፤ የሰኔዋ ወደ ሰሜን 15 ዲግሪ። ወደ ደቡብ 12 ዲግሪ አዘንብዬ ተከልኩት። ጠፍጣፋ ቢሆን የሚገኘው ኃይል ብዙም አይለይም፤ ነገር ግን ውሃው ጠርዙ ላይ ተኝቶ አቧራውን ጭቃ ያደርገዋል። ከቆርቆሮው 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግሁት፣ ሥሩ አየር እንዲያገኝ።

በያጁ በአራት ብሎን ይበቃል አለ። ጣቴን ወደ ኮረብታው ቀሰርኩ። የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ነፋሱ እዚህ ቤቱን ስለሠራ ነው፤ የመጀመሪያው 34 ተርባይን፣ ሁለተኛው 102 ተርባይን አለው፣ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋዋት። አንዱ ብቻውን እንደ እትዬ ያለ ጣሪያ 431 ያህላል። እኛ ደግሞ ከ15 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ሸራ ጣሪያ ላይ ልንዘረጋ ነው። አሥራ ስድስት ብሎን ሆነ፤ ሁሉም ሞራሌው ድረስ ዘልቆ የገባ።

የካቲት 9

ፓነሎቹን አወጣን። እያንዳንዱ 28 ኪሎ ነው፤ ክብደቱ ሳይሆን ነፋሱ ነው የሚያስቸግረው፣ ስለዚህ በማለዳ ጀመርን። ስድስቱን በተከታታይ አያይዘን ቀትር ላይ ቴስተር ስናስገባ 193 ቮልት አነበበ።

መሆን የነበረበት 290 አካባቢ ነው። አንዱ ፓነል ያለ ጭነት 51.5 ቮልት ይሰጣል፤ በስድስት 309፤ በሙቀቱ ጥቂት ይወርዳል። ተቀመጥኩና አሰብኩ። 97 ቮልት የት ገባ? ይህ የአንድ ፓነል ጉድለት አይደለም፤ የሁለት ፓነል ቮልቴጅ ነው። አንዱ ተገልብጦ ከተገጠመ ግን የራሱን ማጣት ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ይበላል። አንድ በአንድ ስንፈትሽ አራተኛው ሆኖ ተገኘ። ከሱቁ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ሁለቱንም ሶኬት ቆርጦ አዲስ ሲገጥም ወንዱንና ሴቷን አቀያይሯል። አስተካከልን፤ 290 መጣ። ከ309 የጎደለው 19 ቮልት ሴሉ 50 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ይነግረኛል፤ ሳልነካው ሙቀቱን ለካሁ።

ለረዳቴ ደጋግሜ የነገርኩት፦ ይህ የቤት መብራት አይደለም። የቤቱ በሰከንድ መቶ ጊዜ በዜሮ ስለሚያልፍ ብልጭታው ራሱ ይጠፋል። የፓነሉ ዜሮ የለውም፤ አንዴ እሳት ከዘረጋ ብረት እያቀለጠ ይቀጥላል። ለዚህም ነው ለቀጥታ ጅረት የተሠራ ብሬከር ፈልጌ አዳማን ስዞር የዋልኩት።

የካቲት 11

ትናንት 5 ኪሎዋት ኢንቨርተሩን (የፓነሉንና የባትሪውን ቀጥታ ጅረት ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን)፣ ሁለቱን ባትሪዎችና የመሬት ገመዱን አገናኘን። ባትሪዎቹ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ናቸው፤ ሁለቱ በአንድነት 10.24 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛሉ። ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያው እንቁላል ገባ። እትዬ ራሳቸው ዋናውን ማብሪያ አጥፍተው ማሽኑን አዩት። ማራገቢያው እንኳን አልተደናቀፈም። እንደገና አበሩ፣ እንደገና አጠፉ። አምስተኛው ላይ ለመንኳቸው።

የካቲት 13

«ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እያለ ቁጥሩ ለምን ወረደ?» ብለው ደወሉ። ቀን 6 ሰዓት ላይ 2,900 ዋት ያሳየው ሰሌዳ 8 ሰዓት ላይ 500 ሆኗል። እኔም መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ባትሪው ሞልቶ ነው። ትርፉን ወደ መብራት መስመር የማይመልስ ጣሪያ የሚያመርተው የሚቀበለው ሲኖር ብቻ ነው፤ ጎተራ ሲሞላ ወፍጮው ይቆማል። የቀረውን ፀሐይ ለምን ላውል? እትዬ ሳያስቡ መለሱ፦ «ለምጣዱ!»

የኤሌክትሪክ ምጣድ አራት ኪሎዋት ገደማ ይጠጣል። ቀትር ላይ ፓነሉ አብዛኛውን ይሸከማል፣ ባትሪው ያግዛል። ቀን ከሆነ ይሁን አልኩ። «ቀን» የሚለውን ቃል ግን በደንብ አላጠበቅሁትም።

የካቲት 16፣ ቅበላ

ትናንት ማታ ሰፈሩ መብራት አልነበረውም። ነገ ጾም ይገባል፤ እንግዳ አለ፤ እንጀራ አልቋል። እትዬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በባትሪው ጋገሩ። ጎረቤቶችም ሊጥ ይዘው መጡ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ኢንቨርተሩ ባትሪው 20 በመቶ ሲቀረው ራሱን ዘጋ።

ስደርስ ግቢው ውስጥ ከሰል ተቀጣጥሎ ውሃ ይፈላል። ማሽኑ ሁለት ጋቢ ለብሷል። እትዬ የፈላ ውሃ የሞላ ጀሪካን በማሽኑ የታችኛው መደርደሪያ ላይ አስገብተው በሩን ይዘጋሉ፤ ሲበርድ ያወጡታል፤ ሌላ ያስገባሉ። የሙቀት መለኪያው 33 ላይ ነበር። አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት አልፎ ፀሐይዋ ፓነሉን ስትነካ ኢንቨርተሩ ጮኸና ተነሣ።

ጥፋቱን እኔ ልውሰድ። ምጣዱን ከማሽኑ ጋር አንድ መስመር ላይ የተውኩት እኔ ነኝ። ዛሬውኑ ለየሁት፤ በሰዓት መቆጣጠሪያ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ብቻ ይበራል። መብራት ባለበት ሌሊት ደግሞ ባትሪው ከ60 በመቶ በታች እንዳይወርድና ቀሪው ከመስመር እንዲመጣ አስተካከልኩት። እስከ ዛሬ እስከ 30 ድረስ ይወርድ ነበር፤ ማለትም መብራት ሊነጋጋ ሲል ቢጠፋ ባዶ እጃችንን ነበርን።

መጋቢት 2

ከ1,056ቱ በሰባተኛው ቀን በብርሃን አይተን 94 ባዶ እንቁላል አውጥተን ነበር። ከቀሩት 803 ተፈለፈሉ። የቅበላው ሌሊት ስንቱን እንደወሰደብን አልጠይቅም።

መጋቢት 9

አቧራ። ገና ወር መሙላቱ ነው፤ ፓነሎቹ የሻይ ቀለም ይዘዋል። አንዱን ብቻ አጥበን በተመሳሳይ ደቂቃ የሁለት ፓነሎችን የአጭር ዙር ጅረት ለካን፦ ያልታጠበው 11.9 አምፔር፣ የታጠበው 13.4። አሥራ አንድ በመቶ! በቶፕኮንና በፐርክ መካከል በሙቀት የማተርፈው ሁለት በመቶ ነበር፤ አንድ ባልዲ ውሃና ጨርቅ አምስት እጥፉን ሰጠኝ። ከእንግዲህ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ይታጠባል። ቀትር ላይ አይሆንም፤ የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ስንጥቅ መጋበዝ ነው። ሳሙናም አያስፈልግም።

ታንከሩንም ሁለት ሜትር ወደ ምዕራብ አዛወርነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ጥላው የአንድ ፓነል ጥግ ላይ ያርፍ ነበር። ጥላው የእንጀራ ያህል ቢሆንም ሴሎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስለሚሠሩ ጉዳቱ ከስፋቱ በላይ ነው።

መጋቢት 18

የበልግ ዝናብ ጣለ፤ የማሽኑ ክፍል ፈሰሰ። ከአሥራ ስድስቱ ብሎን ሦስቱን ቆርቆሮው ዝቅ ባለበት ቦይ ላይ ነው የመታሁት፣ ውሃው በሚሄድበት። ማንኛውም የቆርቆሮ ሠራተኛ ጀርባው ላይ እንደሚመታ ያውቃል። አወጣን፣ ቀዳዳውን ደፈንን፣ በጎማ ሮንዴላ ከፍ ያለው ላይ መታን። አፈርኩ።

ዝናቡ እንደቆመ ደመናው ተሰንጥቆ ፀሐይ ስትወጣ ሰሌዳው ለአፍታ 3,510 ዋት አሳየ፤ ከተጻፈው በላይ። ሴሎቹ በዝናቡ ቀዝቅዘዋል፤ የደመናው ነጭ ጠርዝም ተጨማሪ ብርሃን ያንጸባርቃል። ፎቶ ሳላነሳው ወረደ።

ሚያዝያ 4

ነገ ሆሳዕና ነው። በአዳማ ሰማይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ። ረዳቴ አላመነኝም። ጣሪያው ላይ በውሃ ልክ የተስተካከለ ጣውላ አድርገን አንድ ረጅም ብሎን አቆምንበት። በስድስት ሰዓት ጥላው ወደ ምዕራብ ትንሽ ወጣ ብሎ ይታያል። ረዳቴ ሳቀብኝ። ጠብቅ አልኩት፤ ሰዓታችን የተቀመረው ከእኛ ምሥራቅ በሚያልፍ መስመር ስለሆነ የአዳማ እውነተኛ ቀትር ይዘገያል። 6 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ላይ ብሎኑ ያለ ጥላ ቆመ። ረዳቴ ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን ፈለገ።

ከታች እትዬ ተጣሩ። መጋቢት 13 ከገባው ማሽን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ቅርፊቱን መቆርቆር ጀምረዋል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ማንም ልብ አላለውም። «ውረዱ፣ እጃችሁን ታጠቡና ካርቶን አምጡ» አሉን።